ሦስት ካሬ ሠላሳ ሁለት የሆነ ዕለት

ባለፈው ወር የእህቴ ልጅ የሂሳብ ፈተናዋን ተቀብላ ስትመጣ ዝናቡ ገና አላባራም ነበር። የቴፒ ዝናብ አንዴ ከያዘ ቶሎ አይለቅም። ቦርሳዋን በር ላይ ጣለችና ወረቀቱን እጄ ላይ አስቀምጣ ወደ ጓዳ ገባች። "ምነው የእኔ ቆንጆ?" ብላት መልስ የለም። ወረቀቱን ገለጥኩት። ከ20፣ 11 አግኝታለች። አራተኛው ጥያቄ "32 + 42 ስንት ነው?" ይላል። ልጅቷ በጥንቃቄ ጽፋ 74 ብላለች። በላዩ ላይ ትልቅ ቀይ ኤክስ አለ፤ ከጎኑ ደግሞ "25" የሚል እርማት።

እኔ የተማርኩት ቢዝነስ ነው፤ እንጀራዬም የቡና ገበያ ነው። ሠላሳ ሁለትና አርባ ሁለት ተደምረው 25 የሚሆኑበት ሂሳብ ግን በሥራዬም በትምህርቴም ገጥሞኝ አያውቅም። ወረቀቱን አገላብጬ አገላብጬ ተውኩት። የገባኝ ማታ ሳህን ሳጥብ ነው። የተፈለገው ሦስት ካሬና አራት ካሬ ነበር፤ 9 እና 16፣ ድምራቸው 25። ትንሿ ሁለት ከሦስት ትከሻ ላይ ወርዳ ከጎኑ እኩል ቆማለች። ልጅቷ ለቀረበላት ጥያቄ ትክክለኛ መልስ ሰጥታለች። ያም ሆኖ "አክስቴ፣ እኔ እኮ ሂሳብ አይገባኝም" ብላ ተኝታለች። ነጥቡ ሳይሆን ይህቺ ቃሏ ናት እንቅልፍ የነሳችኝ።

በማግስቱ ከሥራ በፊት ትምህርት ቤቷ ሄድኩ። መምህሩ ወረቀቱን አይተው ደነገጡ። "እህቴ፣ እኔ በትክክል ነው የጻፍኩት" አሉና ላፕቶፓቸውን ከፈቱ። እውነታቸውን ነው፤ 3² እና 4² በሥርዓቱ ተቀምጠዋል። ፈተናውን የምታትመውን ጸሐፊ ጠራናት። "መምህር፣ እርስዎ በቴሌግራም የላኩልኝን ነው ያስገባሁት፤ አንድ ቁጥር አልነካሁም" አለች። ስልኳን ስታሳየን እሷም እውነቷን ነው። ቴሌግራሙ ላይ 32 + 42 ይላል። ሁለት ሰው ሥራውን በትክክል ሠርቶ አንዲት ልጅ ወደቀች።

የሆነው ይህ ነው። መምህሩ 3 ጽፈው፣ 2ን በኮንትሮል፣ በሺፍትና በእኩል ምልክት ከፍ አድርገዋታል። ብዙዎቻችን ከኮሌጅ ጀምሮ የምናውቀው መንገድ ነው። በዚህ መንገድ ከፍ ያለችው ሁለት ግን ያው ተራዋ ሁለት ናት፤ ከፍ ብላ እንድትታይ ወርድ አለበሳት እንጂ ራሷ አልተለወጠችም። ወደ ቴሌግራም ስትገለበጥ ልብሷ ወለቀ። ሌላዋ ትንሽ ሁለት ግን ራሷን የቻለች ምልክት ናት፤ እንደ "ሀ" እና እንደ "ለ" የራሷ የኮምፒውተር ቁጥር አላት። ² ብላችሁ እሷን ብትልኩ በቴሌግራምም በኢሜይልም እንደ ከፍታዋ ትደርሳለች። በወረቀት ላይ ሁለቱን በዓይን መለየት አይቻልም፤ ችግሩም እዚያ ላይ ነው።

እሷን ለማግኘት በቀኝ በኩል የቁጥር ሰሌዳ ባለው ኪቦርድ አልትን ተጭናችሁ 0178 ጻፉና ልቀቁ። 0179 ትንሿን ሦስት፣ 0215 የማባዣዋን ×፣ 0247 የማካፈያዋን ÷፣ 0189 ግማሽን (½) ያመጣል። የቁጥር ሰሌዳ የሌለው ላፕቶፕ ላላችሁ፣ ወርድ ውስጥ 2264 ጽፋችሁ አልትንና ኤክስን አብራችሁ ስትጫኑ ≤ ይወጣል፤ 2265 ደግሞ ≥፣ 2260 ደግሞ ≠። ከፊቱ ሌላ ቁጥር ካለ መሃል ላይ ስፔስ አስቀድሙ፤ አለበለዚያ ወርድ ሁሉንም እንደ አንድ ኮድ ቆጥሮ የቻይና ፊደል ሊሰጣችሁ ይችላል። ስልክ ላይ ከሁሉም ይቀላል፤ በጉግል የእንግሊዝኛ ኪቦርድ ቁጥር 2ን ተጭናችሁ ስትቆዩ ² ብቅ ይላል።

ስኩዌር ሩትና ከላይና ከታች የሚጻፍ ክፍልፋይ ሲመጣ ግን ይህ ሁሉ አይበቃም። ለዚህ ወርድ ከ2007 ጀምሮ የራሱ የቀመር መጻፊያ አለው። አልትንና የእኩል ምልክትን አብራችሁ ስትጫኑ ሳጥን ይከፈታል። 3/4 ጽፋችሁ ስፔስ ስትጫኑ ሦስቱ ላይ፣ አራቱ ታች ይሆናሉ፤ 3^2 ጽፋችሁ ስፔስ ስትጫኑ ሁለት ትወጣለች። "ቀ" እና "ተ"ን ያልታወቁ ቁጥሮች አድርጎ በአማርኛ ለሚጽፍም ሳጥኑ የግዕዝ ፊደል ይቀበላል፤ የራሱ ፎንት ፊደላችን ስለሌለው ከሌላ ፎንት ይዋሳል እንጂ። የድሮ የፈተና ፋይል ላላቸው መምህራን አንድ ነገር ልጨምር፦ ከዚያ በፊት የነበረውን የቀመር መጻፊያ ማይክሮሶፍት በደህንነት ክፍተት ምክንያት በ2018 አውጥቶታል፤ በእሱ የተጻፉ ቀመሮች ይታያሉ እንጂ እንደ ድሮው በእሱ አይስተካከሉም።

ጸሐፊዋ ሌላም ችግር አሳየችን። ስድስተኛው ጥያቄ ላይ የማባዣ ምልክት መሆን የነበረበት ቦታ ላይ አንድ የአማርኛ ፊደል ተገትሯል። እሷ የምትጠቀመው አሮጌ የግዕዝ ፎንት ነው። ፊደላችን በዩኒኮድ የራሱን ቦታ ያገኘው በፈረንጆች 1999 ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት ፎንቶች ፊደሎቻችንን የእንግሊዝኛ ፊደላትና ምልክቶች ባሉበት ቁጥር ላይ ነበር የሚያስቀምጧቸው፤ የ× ቁጥርም ለአንድ ፊደል ተሰጥቷል። ስለዚህ ገጹን በሙሉ መርጣ ፎንቱን ስትለውጥ ማባዣው አማርኛ ሆነ። መፍትሔው እንደ ኒያላ ወይም ኢብሪማ ባለ የዩኒኮድ ፎንት መጻፍ ነው። (በነገራችን ላይ የእኛ ሰው የማካፈያን ምልክት በጣም ይወዳል። መንፈሳዊ ጽሑፎችን ብታዩ በ፥ ቦታ ÷ የገባበት ብዙ ነው፤ ጸሎቱ ሁሉ ሲካፈል ይውላል።)

ይህ የልጆች ፈተና ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እኔም በሥራዬ አንድ ጊዜ "እርጥበት ≤ 12%" ብዬ የላክሁት የቡና መግለጫ ገዢው ጋ ባዶ ሳጥንና 12% ሆኖ ደርሷል። ሰውዬው ደውሎ "ከ12 በላይ ነው በታች?" አለኝ። እርጥበቱ የበዛ ቡና በጉዞ ላይ ይሻግታል፤ ባይደውል ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር ላስበው አልፈልግም። እዚሁ ከተማችን የዩኒቨርሲቲው ካምፓስ አካባቢ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚተይቡ ልጆችን ጠይቁ፤ ቀመር ያለበት ገጽ ሲመጣ ፊታቸው ይለወጣል። አልፈርድባቸውም።

በውጭም ቢሆን ምልክት ሰውን ሲያንገላታ የኖረ ነገር ነው። በ1557 ሮበርት ሪኮርድ የተባለ የዌልስ ሰው "እኩል ነው" እያለ ደጋግሞ መጻፍ ቢሰለቸው ሁለት ትይዩ መስመሮችን አስምሮ = ን ሰጠን፤ ከእነሱ የበለጠ እኩል የሆነ ነገር የለም ብሎ። አሜሪካዊው ዶናልድ ክኑት ደግሞ በ1970ዎቹ የራሱ መጽሐፍ አዲስ እትም ሂሳቡ ተበላሽቶ ሲመጣለት ተናደደና ቴክ የተባለውን የቀመር መጻፊያ ራሱ ሠራ። የዓለም የሂሳብ ሊቃውንት ዛሬም በእሱና ከእሱ በወጡት ይጽፋሉ። እኔ እንደ ክኑት ፕሮግራም መሥራት አልችልም። እሑድ ከሰዓት ቡና አፍልቼ መምህሩንና ጸሐፊዋን ቤቴ ጠራሁ፤ ኮዶቹን በአንድ ወረቀት ጽፈን አተምን። መሃል ላይ መብራት ስለጠፋ ግማሹን በስልክ ብርሃን ነው የጨረስነው። ከዚያ ወዲህ መምህሩ ጥያቄውን ገልብጠው አይልኩም፤ ፋይሉን በፒዲኤፍ አብረው ይልካሉ፤ ጸሐፊዋም ከማባዛቷ በፊት ከእሱ ጋር ታመሳክራለች።

ሰኞ ዕለት መምህሩ ክፍል ገብተው ፈተናውን እንደገና አረሙ። 74 ያለችው የእኛ ልጅ ብቻ አልነበረችም፤ የክፍሉ ግማሽ ያህል ነው። ለሁሉም ነጥቡ ተመለሰላቸው፤ መምህሩም "ጥፋቱ የወረቀቱ ነው" አሏቸው። ልጅቷ ቤት ስትደርስ ወረቀቱን ማቀዝቀዣው ላይ ለጠፈችው።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ ሌላ ፈተና ነበራቸው። እንዴት ነበር ስላት፣ መሃል ላይ እጇን አውጥታ "መምህር፣ ይቺ ሁለት ትንሽ ናት ትልቅ?" ብላ መጠየቋን ነገረችኝ። ትንሽ ነበረች።