ስልክ ያግዛል እንጂ ሐኪም አያደርግም

እንደሚታወቀው ዛሬ የእጅ ስልክ ያልገባበት ሙያ የለም። በቀዶ ሕክምና የሚሠለጥኑ ወጣት ሐኪሞችም መድኃኒት ሲመጥኑ፣ የቀዶ ጥገናን ቅደም ተከተል ሲከልሱ ስልካቸውን ያያሉ። ይህን በተመለከተ በመካከላችን ሁለት ወገን ተፈጥሯል። አንዱ ወገን «ስልክ እያየ የሚያክም ምኑን ሐኪም ሆነ?» ይላል። ሌላው ደግሞ «ሁሉም ነገር ስልኩ ውስጥ ካለ ይህን ሁሉ ዓመት መማር ለምን አስፈለገ?» ባይ ነው። እኛ ግን ሁለቱም አልተዋጠልንም።

እስቲ አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በእንግሊዝ አገር በሊቨርፑል አካባቢ የሚሠሩ የቃጠሎ ሐኪሞች «መርሲ በርንስ» የተባለ የስልክ መተግበሪያ አዘጋጅተዋል። እ.ኤ.አ. በ2012 በዚያ አገር በሕክምና መሣሪያነት ከተመዘገቡት መተግበሪያዎች ቀዳሚው ነው። ሐኪሙ የሕመምተኛውን ዕድሜና ክብደት ያስገባል፤ የተቃጠለውን ቦታ በስልኩ ላይ ባለው የሰው ሥዕል ላይ በጣቱ ይቀባል፤ ስልኩም በደም ሥር የሚሰጠውን ፈሳሽ ልክ ያወጣል።

ልኩ ቀልድ አይደለም። ፈሳሹ ካነሰ ኩላሊት ይደክማል፤ ከበዛ ደግሞ ሳንባ ውኃ ይቋጥራል። «ፓርክላንድ» በሚባለው ቀመር 4 ሚሊ ሊትር በሰውየው ኪሎ፣ ከዚያም በተቃጠለው ቆዳ መቶኛ ይባዛል። 70 ኪሎ የሚመዝንና 30 በመቶ የተቃጠለ ሰው 8,400 ሚሊ ሊትር ያስፈልገዋል ማለት ነው። ግማሹ በመጀመሪያዎቹ 8 ሰዓታት፣ ቀሪው በተከታዮቹ 16 ሰዓታት ይሰጣል። ሰዓቱ የሚቆጠረው ደግሞ ሆስፒታል ከደረሰበት ሳይሆን ከተቃጠለበት ነው። መንገድ ላይ 3 ሰዓት የቆየ ሰው ለ4,200ው የቀረው 5 ሰዓት ብቻ ነው። ይህ ሒሳብ በእኩለ ሌሊት እንቅልፍ ባጣ ተለማማጅ እጅ ቢሳሳት አያስገርምም። የሕክምና ተማሪዎች ተፈትነውበት በወረቀት ከማስላት ይልቅ በመተግበሪያው ማስላት ፈጣንና ትክክለኛ ሆኖ ተገኝቷል። ታዲያ በዚህ መታገዝ ምኑ ያሳፍራል?

ይሁን እንጂ ስልክ የሚያውቀው የነገሩትን ብቻ ነው። በሕክምናው ደንብ ቆዳው ቀላ ብቻ ያለ ቦታ በቀመሩ አይቆጠርም። ይህን ያልተማረ ተለማማጅ የቀላውን ሁሉ ቢቀባ 30ው 45 ይሆናል፤ ስልኩም ሳያንገራግር 12,600 ብሎ ቁጭ! ደግሞም ቀመሩ መነሻ ነው እንጂ መድረሻ አይደለም። ፈሳሹ በየሰዓቱ የሽንቱ መጠን እየታየ ይጨመራል፣ ይቀነሳል። ይህን የሚያየው አልጋው አጠገብ የቆመው ሰው ነው።

መተግበሪያ ሁሉም አንድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 በአሜሪካ የቆዳ ካንሰርን እንለያለን የሚሉ 4 መተግበሪያዎች ተፈትነው፣ 3ቱ ከካንሰሮቹ 30 በመቶውን ወይም ከዚያ በላይ «አያሰጋም» ብለው አልፈዋል። በአንጻሩ በአገራችን በምዕራብ ወለጋ እ.ኤ.አ. በ2013 እና በ2014 በወሊድ አገልግሎት ላይ ያሉ ጤና ሠራተኞች በስልክ በሚታይ የማዋለጃ ትምህርት ተረድተው ዕውቀታቸውና ክህሎታቸው ከፍ ብሏል። ልዩነቱ ግልጽ ነው፤ የኋለኛው ሰውን አስተማረ፣ የፊተኞቹ በሰው ፈንታ ሊፈርዱ ቃጡ።

ስለሆነም ተለማማጁ በመጀመሪያ በእርሳስና በወረቀት አስልቶ ለምን እንደሆነ ለአስተማሪው ያስረዳ፤ ከዚያ በኋላ ስልኩን ይያዝ። ማን እንደሠራው፣ ማን እንደፈተነው ሳይጠይቅም አይጠቀምበት። ያኔ ስልኩ 12,600 ሲለው «ይህ በዛ፤ የት ጋ ተሳሳትኩ?» ለማለት ይበቃል።

ባልደረቦቻችን፣ ይህ ጉዳይ የሐኪሞች ብቻ አይደለም። ነገ ያንን ሐኪም ማባዛትና መቶኛ የምናስተምረው እኛ ነን። ተማሪያችን መልሱን ብቻ ሳይሆን መልሱ ከየት እንደመጣ እንዲያውቅ ከዛሬው እንዘጋጅ እንላለን።