ቃለ ጉባኤው ይነበብ!

ለሦስት ሰዓት የተጠራው ስብሰባ አምስት ሰዓት ላይ ይጀመራል። ወንበሩ ከሰፈሩ እድር በውሰት የመጣ ነው። ከመድረኩ አጀንዳው ይነበባል፦ የዓመቱ የሥራ ሪፖርት፣ የመጪው ዓመት ዕቅድ፣ ልዩ ልዩ ጉዳዮች። ሪፖርቱ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል። ለውይይት ሩብ ሰዓት ይተርፋል። «ጊዜው ስለ ገፋ ሦስት ሰው ብቻ እናስተናግዳለን» ይባላል። እጅ ይወጣል፤ ይጨበጨባል፤ «በሙሉ ድምፅ ጸደቀ» ተብሎ ይጻፋል። የቀበሌው ሕዝብ መከረ፣ ዘከረ፣ ወሰነ ማለት ይኸው ነው።

እኛ እንዲህ ባሉ ዓመታዊ ስብሰባዎች ላይ ከኋላ ተቀምጠን ብዙ ጊዜ ስቀናል። ዘንድሮ ግን ሳቁ ጉሮሯችን ላይ ቀረ። አንዲት እናት ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡና፣ «አምና ለጎርፍ መውረጃው አዋጡ ተባልን፤ አዋጣን። ቦዩ ዛሬም አፉን ከፍቶ ልጆቻችንን ይጠብቃል። ምን ብለን ነበር የወሰንነው? ገንዘቡስ የት ደረሰ?» ሲሉ ጠየቁ። ሰብሳቢው ፈገግ ብሎ፣ «እናታችን ጥሩ ሐሳብ ነው ያነሡት፤ እንደ ግብዓት እንወስደዋለን» አለ። ወዲያው የዘንድሮው መዋጮ ለድምፅ ቀረበ። ሕዝቡ እጁን አወጣ። እኛም አወጣን! ይህን ጽሑፍ የምንጽፈው ያ ያወጣነው እጅ እስከ ዛሬ ስለሚከብደን ነው።

«ግብዓት» የምትለዋን ቃል ልብ በሉልን። ጥያቄ መልስ ይፈልጋል። ግብዓት ግን ገብቶ የሚቀር ነገር ነው፤ ሲወጣ ያየው የለም። እኒያ እናት ሐሳብ አላቀረቡም፤ ሒሳብ ጠየቁ እንጂ! ሰብሳቢው እንዴት በፈገግታ አመለጠ? በአዳራሹ ውስጥ የአምናውን ቃለ ጉባኤ የያዘ አንድም ሰው ስላልነበረ ነው። አምና ስንት ብር ተወሰነ? ማን ኃላፊነት ወሰደ? መቼ ያልቃል ተባለ? ሁሉም በመዝገቡ ላይ አለ። መዝገቡ ግን ቁም ሣጥን ውስጥ ነው፤ የቁም ሣጥኑም ቁልፍ ሰብሳቢው ኪስ ውስጥ። እንግዲህ እንዲህ ያለ ዓመታዊ ስብሰባ በየዓመቱ ከዜሮ ይጀምራል። ትናንት የሌለው ጉባኤ ነገ ማንንም አይጠይቅም።

ነገሩ የዛሬ ብቻ አይደለም። ቀበሌ በሐምሌ 1967 ዓ.ም. በከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ሲቋቋም ስሙ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር ነበር። ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑ ቤቶችን የማስተዳደር ሥራ ተሰጠው፤ ፍርድ ሸንጎም ነበረው። ማኅበር ማለት የአባላቱ ነው። ግን ምን ሆነ? በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ዘመን በብዙ ቦታ ቀበሌ የጥበቃ ጓድ ታጥቆ እስር ቤት ሆነ። ያኔ ስብሰባ የሚቀርበት ሰው በጥርጣሬ ይታይ ነበር። ከዚያ ዘመን የወረስነው አንድ ክፉ ልማድ አለ፤ ስብሰባ ሄዶ መገኘትን እንጂ መጠየቅን አልለመድንም።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 50 ሕዝቡ በቀጥታ ይሳተፍ ዘንድ ለዝቅተኛው የአስተዳደር እርከን በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ይላል። በአንቀጽ 12 ደግሞ የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን ያዛል፤ እምነት ያጣበትን ተመራጭም ሕዝቡ ሊያወርደው መብት አለው። በ2000 ዓ.ም. የአካባቢ ምርጫ የአንድ ቀበሌ ምክር ቤት እስከ 300 መቀመጫ እንዲኖረው ተደረገ። ሦስት መቶ ሰው! ሁለተኛ ዙር በ2005 ተመረጠ፤ በ2010 ሊደረግ የነበረው ተራዘመ። ወንበር ማብዛት ለብቻው ምን ይፈይዳል? ሦስት መቶ እጅ ተቆጥሮ አንድ መዝገብ ካልተገለጠ፣ የበዛው ጭብጨባው ብቻ ነው።

«ሕዝቡ አልነቃም፤ ሒሳብና መዝገብ አይገባውም» የሚሉ ምሁራን አሉ። ዋሽተዋል! ወንበሩን ያዋሰውን እድር ሄደው ይዩ። እድርተኛው ዳኛውን፣ ጸሐፊውንና ገንዘብ ያዡን ራሱ ይመርጣል። በዓመቱ ጉባኤ የገባው ብርና የወጣው ብር ይነበባል፤ ድንኳኑ፣ ድስቱ፣ ሳህኑ ሳይቀር ይቆጠራል። አንድ ሳህን ቢጎድል «የት ሄደ?» ይባላል፤ ማንም «እንደ ግብዓት እንወስደዋለን» ብሎ አያመልጥም። እርግጥ እድርም ጭቅጭቅና ወገንተኝነት አያጣውም። ግን ጭቅጭቁ በተገለጠ መዝገብ ላይ ነው። ታዲያ ሳህን ቆጥሮ የሚረከበው ሰው የቀበሌውን በር ሲረግጥ በምን ተአምር መቁጠር ይሳነዋል? መቁጠር አቅቶት ሳይሆን መዝገቡን ተነፍጎ ነው።

ስለ ራሳችንም እንናገር። እኛ ተማሪዎቹ ስለ ዓለም ፖለቲካ እስከ እኩለ ሌሊት እንከራከራለን፤ የሰፈራችን ቦይ በስንት ብር እንደሚሠራ ግን አናውቅም። ቀበሌ የምንሄደው መታወቂያ ለማውጣት ነው። አዲስ አበባ ላይ ስሙ ወደ ወረዳ ሲዞር እንኳ ልብ ያልነው ጥቂቶች ነን። ያቺ ጥያቄ ስትነሣ እኛ ፊደል የቆጠርነው ዝም አልን፤ እናታችን ብቻቸውን ቆሙ። «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም» ብለን እንጽናና ይሆናል። ዝንቡማ ከተከፈተው ቦይ እየተነሣ ቤታችን ገብቷል!

ስለዚህ የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። አንደኛ፣ ዓመታዊ ስብሰባ ሁሉ የአምናውን ቃለ ጉባኤ በማንበብ ይከፈት። ሁለተኛ፣ የመዋጮው ገቢና ወጪ ከስብሰባው በፊት በቀበሌው ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። ሦስተኛ፣ የአምናው ሒሳብ ሳይቀርብ አዲስ መዋጮ ለድምፅ አይቅረብ። አራተኛ፣ ለተጠየቀ ጥያቄ መልሱና መልስ ሰጪው ስሙ ተጽፎ ለከርሞ ይቆይ። ለዚህ አዲስ በጀት አያስፈልግም፤ አንድ ደብተር፣ አንድ ሰሌዳና የተከፈተ ቁም ሣጥን ይበቃል።

ሃምሳ ሎሚ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል። ጌጥ የሚሆነው ግን ሎሚው ሲቆጠር ነው። ለከርሞው ስብሰባ ከኋላ ወንበር ተነሥተን ከእናታችን ጎን እንቁም። እጃችንን ከማውጣታችን በፊት በአንድ ድምፅ እንበል፦ ቃለ ጉባኤው ይነበብ!