ሕግ ማውጣት ሙያ ነው

በአሜሪካ ክፍለ ግዛቶች ፖለቲካ ውስጥ ከግራውም ከቀኙም ወገን ጭብጨባ የማይነፈገው አንድ አስተሳሰብ አለ፤ እርሱም በምክር ቤት ረጅም ዘመን የቆየ ሕግ አውጪ መበላሸቱ አይቀርምና ከጥቂት ዓመታት በኋላ መራጩ ቢፈልገውም ወንበሩን እንዲለቅ ይገደድ የሚለው ነው። ይህን የሚያዘው ድንጋጌ የሥልጣን ዘመን ገደብ ይባላል፤ ዛሬ ከ50ዎቹ ክፍለ ግዛቶች በ16ቱ ይሠራል። አስተሳሰቡን የወለደው ቁጣ እውነተኛ ነው፤ የታዘዘው መድኃኒት ግን ሕግ ማውጣት ዓመታት የሚጠይቅ ሙያ መሆኑን ስለሚክድ፣ ከተመራጩ የነጠቀውን ሥልጣን ማንም ድምፅ ላልሰጣቸው ሰዎች ያስረክባል።

የካሊፎርንያ ታሪክ ነገሩን አጥርቶ ያሳያል። የክፍለ ግዛቷ ሕግ አውጪ አካል አሴምብሊ ከሚባለው ባለ 80 አባላት የታችኛው ምክር ቤትና ከባለ 40 አባላቱ ሴኔት የቆመ ነው። በ1934 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም እንዲሁ ናቸው) በቴክሳሷ ሚኒዮላ የተወለዱት ዊሊ ብራውን፣ በ17 ዓመታቸው ሳን ፍራንሲስኮ ገብተው፣ ሕግ ተምረው በጥብቅና ሲሠሩ ከቆዩ በኋላ በ1962 ተወዳድረው ተሸነፉ፤ በ1964 ግን አሸንፈው አሴምብሊ ገቡ፤ ከ1980 እስከ 1995 ድረስም አፈ ጉባኤ ሆነው መሩት። ጉልበታቸው የኮሚቴ ሹመት ከመስጠትና ከመንሳት፣ ከኩባንያዎች የሰበሰቡትንም የምርጫ ገንዘብ ለአባላት ከማከፋፈል የመጣ ስለነበር፣ ለገደቡ ደጋፊዎች ከእርሳቸው የተሻለ ምሳሌ አልተገኘም።

ቁጣውን ያጋጋለው ሌላ ነገርም ነበር። የፌዴራሉ መንግሥት የወንጀል ምርመራ ቢሮ፣ ኤፍ ቢ አይ፣ ሽሪምፕ የሚባለውን የባሕር ምግብ የሚያቀነባብር የይስሙላ ድርጅት አቋቁሞ፣ ድርጅቱን የሚጠቅም ረቂቅ ሕግ በገንዘብ ማስጸደቅ ይቻል እንደሆነ ፈተነ፤ ረቂቁም በሁለቱም ምክር ቤቶች አለፈ። በነሐሴ 1988 መርማሪዎች በክፍለ ግዛቷ ዋና ከተማ በሳክራሜንቶ የምክር ቤቱን ቢሮዎች ፈተሹ፤ ኋላም በርካታ ሕግ አውጪዎችና ረዳቶቻቸው ተፈረደባቸው፤ ብራውን ግን አልተከሰሱም። በኅዳር 1990 ሕዝቡ ቁጥር 140 የተባለውን ድንጋጌ በድምፁ አጸደቀ፤ በዚህም አንድ ሰው በዕድሜ ዘመኑ በአሴምብሊ ከ6፣ በሴኔት ከ8 ዓመት በላይ እንዳያገለግል ተወሰነ፤ የምክር ቤቱም ወጪ ከሲሶ በላይ ተቀነሰ። በቅነሳው ምክንያት የመንግሥትን ሒሳብ የሚመረምረው የዋና ኦዲተር መሥሪያ ቤት ተዘጋ፤ የአገረ ገዥውን በጀት ለሕግ አውጪዎች የሚተነትነው ቢሮም ከግማሽ በላይ ሠራተኛውን አጣ። ሌብነትን ለመቅጣት የወጣ ሕግ መጀመሪያ የመታው ሒሳብ መርማሪውን መሆኑ ሊያስቆጣ ይገባል።

ጉቦ ለመቀበል የመጀመሪያው ዓመት ይበቃል፤ የክፍለ ግዛትን በጀት ለማወቅ ግን አይበቃም። ስድስት ዓመት የተቆረጠለት አባል የመጀመሪያውን የሁለት ዓመት ዘመን ሥርዓቱን ሲማር፣ የመጨረሻውን ቀጣይ ወንበር ሲፈልግ ያሳልፈዋል፤ በመካከል የምትቀረው ሁለት ዓመት ናት። ሎቢስቱ፣ ማለትም ለባለ ጉዳዮች ተቀጥሮ ሕግ አውጪውን የሚወተውተው ባለሙያ፣ የዘመን ገደብ የለበትም፤ የአንቀጹን ታሪክ የሚያውቅ ሲፈለግ በሩ ላይ የሚገኘው እርሱ ነው።

ገደቡ ተጠያቂነትንም ይጎዳል። ለምሳሌ የካሊፎርንያን የኤሌክትሪክ ገበያ ለውድድር የከፈተው ሕግ በነሐሴ 1996 አንድም የተቃውሞ ድምፅ ሳይሰጥበት አለፈ። በጥር 2001 በሰሜን ካሊፎርንያ መብራት በፈረቃ ሲጠፋ፣ በሚያዝያም ፒ ጂ ኤንድ ኢ የተባለው ግዙፍ የኤሌክትሪክ ኩባንያ ኪሳራ ሲያውጅ፣ ሕጉን ካጸደቁት የአሴምብሊ አባላት በዚያ ምክር ቤት የቀረ የለም ማለት ይቻላል። ስሌቱ ቀላል ነው፤ በ1996 ድምፅ የሰጠ አባል በመደበኛ ምርጫ የገባው ቢዘገይ በ1994 ስለሆነ፣ ስድስት ዓመቱ በ2000 አብቅቷል። ጥቂቶቹ ወደ ሴኔት ተሻግረዋል፤ ሌሎቹ ወደየቤታቸው ሄደዋል። በጨለማ የተቀመጠው ዜጋ አብዛኞቹን በድምፁ የሚቀጣበት መንገድ አልነበረውም፤ ስማቸው ከምርጫ ወረቀቱ ላይ ቀድሞ ተነሥቷልና። ተጠያቂነትን ያመጣል የተባለው ገደብ ተጠያቂውን አሸሸው።

የዚሁ አስተሳሰብ ሌላው ገጽታ ሕግ አውጪው ደመወዝተኛ መሆን የለበትም የሚለው ነው። ኒው ሃምፕሸር ለ400 የታችኛው ምክር ቤት አባላቷ ለእያንዳንዳቸው በዓመት 100 ዶላር ትከፍላለች፤ ቴክሳስ 7,200። ልጆች የምታሳድግ ነርስ ወይም የአውቶቡስ ሾፌር በዚህ ክፍያ ወራት ሙሉ ሥራ ትቶ ሊቀመጥ አይችልም፤ ወንበሩ ጡረታ ላለውና ሀብት ላካበተው ይቀራል።

የገደቡ ደጋፊዎች ጠንካራው ክርክር በወንበር ላይ ያለ ሰው አይሸነፍም የሚለው ነው፤ ብዙ ጊዜም እውነት ነው። ይሁንና ከምክንያቶቹ አንዱ ሕግ አውጪዎች የምርጫ ክልላቸውን ድንበር ራሳቸው መሥራታቸው ሲሆን፣ ካሊፎርንያ በ2008 ይህን ሥራ ከእጃቸው ወስዳ ለዜጎች ኮሚሽን በመስጠት ትክክለኛውን መድኃኒት አግኝታለች። ብራውንም ቢሆኑ ገደቡ ከአሴምብሊ አስወጣቸው እንጂ ከሥልጣን አላራቃቸውም፤ በ1996 የሳን ፍራንሲስኮ ከንቲባ ሆነው ስምንት ዓመት ቆዩ።

ካሊፎርንያ ራሷ በ2012 ገደቡን አሻሽላ አንድ አባል በአንዱ ምክር ቤት 12 ዓመት እንዲቆይ ፈቀደች፤ ሚሺጋንም በኅዳር 2022 ተመሳሳይ ማስተካከያ አደረገች። በዚያው ዕለት የሰሜን ዳኮታ መራጮች አዲስ ገደብ አጸደቁ፤ በየምክር ቤቱ 8 ዓመት። የዚያች ክፍለ ግዛት ምክር ቤት በሁለት ዓመት ውስጥ እንዲሰበሰብ የተፈቀደለት ቢበዛ 80 ቀን ስለሆነ፣ በአንዱ ምክር ቤት ስምንት ዓመቱን የጨረሰ ሕግ አውጪ በሙያው የሚሠራበት የስብሰባ ጊዜ ተደምሮ 320 ቀን ነው።