ከታንኩ በፊት ችግኙ

ለሕፃናት የደም ካንሰር የሚሰጠው ቪንክሪስቲንና ለሊምፍ ካንሰር የሚሰጠው ቪንብላስቲን ካታራንተስ በተባለ የማዳጋስካር ተክል ቅጠል ውስጥ ያሉ አልካሎይዶች ናቸው። ተክሉ በብዙ ሞቃት አገሮች ለጌጥ ይተከላል፤ የሚቸግረው በቅጠሉ ውስጥ ያለው የመድኃኒት መጠን ማነሱ ነው። 1 ግራም ቪንብላስቲን ለማውጣት 500 ኪሎ ግራም ገደማ፣ ለ1 ግራም ቪንክሪስቲን ደግሞ ወደ 2,000 ኪሎ ግራም የደረቀ ቅጠል ይፈጃል። ስለዚህ ሕዋሱን ከተክሉ ወስዶ፣ ስኳርና ማዕድን በያዘ ታንክ አባዝቶ፣ መድኃኒቱን ያለ ማሳ የማምረት ሐሳብ ተመራማሪዎችን ለአሥርት ዓመታት ቢስብ አያስደንቅም። እኔ ግን ቲሹ ካልቸር (የተክል ሕዋስ ወይም ቁራጭ በላቦራቶሪ ማሳደግ) ለመድኃኒት ተክሎች በቅድሚያ ሊውል የሚገባው ለችግኝ ማባዣ ነው እላለሁ።

ካታራንተስ ራሱ ምክንያቱን ያሳያል። ቪንብላስቲን የሚገኘው ካታራንቲንና ቪንዶሊን የተባሉ ሁለት አልካሎይዶች ሲጣመሩ ነው። በታንክ ያደጉ ሕዋሳት ካታራንቲንን ይሠራሉ፤ ቪንዶሊን ላይ ሲደርሱ ግን ይቆማሉ። ቪንዶሊን የሚጠናቀቀው ቅጠል ውስጥ፣ የየራሳቸው ድርሻ ያላቸው ሕዋሳት እየተቀባበሉ ሲሠሩት ነውና፤ ታንክ ውስጥ የሚንሳፈፈው ያልተለየ ሕዋስ ይህ የሥራ ክፍፍል የለውም። በ2022 ሁለቱንም አልካሎይዶች ማምረት የቻለው ጂኑ የተለወጠ እርሾ ነበር፤ ታላቅ ውጤት ነው፣ የቲሹ ካልቸር ውጤት ግን አይደለም።

ሌላው የካንሰር መድኃኒት ፓክሊታክሰልስ ከተክል ሕዋስ በታንክ ይመረት የለ ወይ የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ለመድኃኒቱ ሲባል ቅርፊቱ ሲላጥ የሚሞተውን ዛፍም ከጥፋት ለማዳን ረድቷል። ነገር ግን የአንዱ ተክል መንገድ ለሌላው ሁልጊዜ አይሠራም፤ አንድ ባክቴሪያ ሙሉ ታንክ የሚያበላሽበትን ሥራ የሚሸከመውም እጅግ ውድ መድኃኒት ብቻ ነው።

በእኛ አገር ቀበርቾና ድንገተኛ የተባሉት የመድኃኒት ተክሎች የሚሸጡት ሥራቸው ከዱር እየተቆፈረ ነው፤ ሁለቱም ከኢትዮጵያ ውጭ አይበቅሉም። የሙዝና የሸንኮራ አገዳ ችግኝ በቲሹ ካልቸር ማባዛት የለመደ ባለሙያ አለን፤ ይህ እጅ ወደነዚህ ተክሎች ቢዞር ገበሬው ከጓሮው የሚሸጠው ሥር ያገኛል። ዘር እያለ ላቦራቶሪ ለምን የሚሉ ሰዎች ዘሩ በደንብ ለሚበቅል ተክል ልክ ናቸው፤ እዚያ ላይ ገንዘብ ማባከን አይገባም። ዘሩ እምቢ ለሚል፣ ወይም የመድኃኒት ይዘቱ ከተክል ተክል ለሚለያይ ግን ምርጡን እናት ተክል እንዳለ የሚያባዛው ቲሹ ካልቸር ነው። ተመሳሳይ ችግኝ በአንድ በሽታ ሊያልቅ ስለሚችልም እናት ተክሎቹ ከተለያዩ አካባቢዎች ይመረጡ፤ የዱሩም ዝርያ ባለበት ይጠበቅ።