ቁጥሩ ተሰደደ፣ ስሙ ቀረ

አዲስ አበባ ተቀምጦ ስለ ካምባ የሚወስን ሰው ካምባን የሚያውቃት በአብዛኛው በአንድ መስመር ነው። የመንገድ ወይም የስልክ መስመር ማለታችን አይደለም፤ የሠንጠረዥ መስመር ነው። ከአርባ ምንጭ በስተደቡብ ምዕራብ ያለው ያ ሁሉ ደጋና ቆላ፣ ያ ሁሉ ገበያና ሕዝብ ተጠቅልሎ ከአንድ ስም ፊት ለፊት ጥቂት ቁጥሮች ይሆናል። ክትባት የሚያከፋፍለውም፣ በጀት የሚደለድለውም፣ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያዘጋጀው ጓደኛችንም የሚያዩት እሱኑ ነው።

ስለ ቆጠራ ጥራት ብዙ ተብሏል፣ ወደፊትም ይባላል። እኛ ዛሬ የምናነሣው ግን በትክክል ተቆጥሮ፣ በትክክል ተሰልቶ፣ ከአንድ ሶፍትዌር ወደ ሌላው ሲሻገር መንገድ ላይ ስለሚበላሸው ቁጥር ነው። የዚህ ጥፋት ክፋቱ ድምፅ የለውም።

ነገሩን በሽሮ ሜዳ እናስረዳ። የጋሞ ሸማኔ ከደጋው ተነሥቶ ሽሮ ሜዳ እንደሚሠራ የማያውቅ የአዲስ አበባ ልጅ የለም። የስታቲስቲክስ ሰዎች ይህን ‹ከየት ወደ የት› በማትሪክስ ያስቀምጡታል፤ ረድፉ ሰው የተነሣበት፣ ዓምዱ የደረሰበት። ቁጥሩ ብቻውን ምንም አይናገርም። አንድ ሺሕ የሚል ቁጥር ትርጉም የሚያገኘው በግራው ‹ጋሞ›፣ ከአናቱ ‹አዲስ አበባ› ሲባል ነው። ረድፍና ዓምዱን አገላብጡት፤ የአዲስ አበባ ሰው ሥራ ፍለጋ ወደ ጨንቻ ይጎርፋል! ድምሩ ያው ነው፣ አንድም ቁጥር አልተለወጠም፤ ታሪኩ ብቻ ተገለበጠ።

አሁን ወደ ሶፍትዌሮቹ እንምጣ። ስታታ ላይ ማትሪክስ የሚኖረው ከዋናው ዳታ ውጪ ነው። ዳታውን ‹ሴቭ› አድርጎ ፕሮግራሙን የዘጋ ሰው ማትሪክሱን ይዞ አይወጣም። ማትሪክሱን ወደ ዳታ የሚቀይረው ‹ኤስቪማት› የሚባለው ትእዛዝ ደግሞ የረድፎቹን ስም ጥሎ ቁጥሩን ያመጣል። በቀጥታ ወደ ኤክሴል የሚልከው ‹ፑትኤክሴል›ም ‹ስሞቹንም ላክ› ብለው ለይተው ካላዘዙት ቁጥር ብቻ ይልካል። አር የባሰ ተንኮለኛ ነው። ‹ራይት ቴብል› በሚለው ትእዛዝ ሌላ ነገር ሳይጨምሩ ያወጡትን ፋይል በኤክሴል ሲከፍቱት፣ የረድፎቹ ስም ከተቀመጠበት ዓምድ በላይ ርእስ ስለሌለ፣ የዓምዶቹ ስሞች በሙሉ አንድ አንድ ሳጥን ወደ ግራ ይንሸራተታሉ። የካምባ ቁጥር በጎረቤቷ ስም ሥር ይገባል። የስሕተት ማስጠንቀቂያ የለም፣ ቀይ መብራት የለም። የሚያምር ሠንጠረዥ ነው፤ ውሸት ነው እንጂ።

ኤክሴልም የራሱ ጠባይ አለው። ‹07› የሚል የክልል ኮድ ሲያይ ዜሮዋን ገርስሶ ‹7› ያደርገዋል። በእኛ አቆጣጠር 30/02 ብላችሁ ጥቅምት 30ን ብትጽፉለት የካቲት 30 የሚባል ቀን በፈረንጅ ስለሌለ ጽሑፍ አድርጎ ይተወዋል፣ 28/02ን ግን ቀን ነው ብሎ ይቀበላል። ይህ የድሀ አገር ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2020 ወደ 16 ሺሕ የሚጠጉ የኮቪድ ታማሚዎችን ከዕለታዊ መዝገቧ ያጣችው ከ65 ሺሕ ጥቂት ከፍ ካለ በኋላ ረድፍ በማይቀበል አሮጌ የኤክሴል ፋይል ምክንያት ነው።

የካምባ ጣጣ ግን ከዚህም ይብሳል፤ ስሟ ራሱ አይረጋም። በ1976 ዓ.ም. ቆጠራ ጋሞ ጎፋ ክፍለ ሀገር ውስጥ ነበረች። በ1987 ሰሜን ኦሞ ዞን፣ በ1999 ጋሞ ጎፋ ዞን፣ ዛሬ ደግሞ ጋሞ ዞን። ክልሉም ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደቡብ ኢትዮጵያ ተብሏል። ተራራው ከቦታው ንቅንቅ አላለም፣ የሠንጠረዡ ርእስ ግን እንደ ወቅቱ ይለዋወጣል። በላቲን ፊደል ሲጻፍ ደግሞ አንዱ ጸሐፊ ከመጀመሪያው ፊደል ቀጥሎ ‹ኤ›፣ ሌላው ‹ኢ› ያስገባል። ለኮምፒዩተር እነዚህ ሁለት ወረዳዎች ናቸው። በ‹ኢ› የተጻፈውን ፈልግ ብትሉት ከምባታንም ጎትቶ ያመጣላችኋል። ሁለት ቆጠራ በስም ላገጣጥም ያለ ተማሪ ካምባን ባዶ ረድፍ ሆና ቢያገኛት ምን ይገርማል?

መድኃኒቱ ኮድ ነበር፤ የማይለወጥ፣ ከስሙ ጎን የሚጓዝ ኮድ፣ ወረዳ ሲከፈልም የትኛው ከየትኛው እንደወጣ የሚናገር ዝርዝር ያለው። እኛ ግን ያለን ፒ.ዲ.ኤፍ. ነው። የ1999ኙ ቆጠራ ሠንጠረዦች ለሕዝብ የቀረቡት በፒ.ዲ.ኤፍ. ነው፤ ለማንበብ ይመቻል፣ ለመሥራት ግን ፎቶ እንደ መያዝ ነው። ‹ቁጥሩን ማንም እንዳይነካካው ነው› የሚል መከራከሪያ ሰምተናል። መነካካት የፈለገ ሰው ከፒ.ዲ.ኤፍ.ም ገልብጦ ይነካካል፤ መነካካት ያልፈለገው ምስኪን ደግሞ ሌሊቱን በእጁ ሲገለብጥ ሳያስበው ይነካካዋል። ደግሞስ ያው የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት ከዓለም ባንክ ጋር የሠራው የቤተሰብ ማኅበራዊና ኢኮኖሚያዊ ጥናት ዳታ በሶፍትዌር በሚከፈት ፋይል ለተመራማሪ ሲሰጥ ኖሯል። ለዚያ የተቻለ ለወረዳ ሠንጠረዥ የማይቻልበት ምክንያት አይታየንም። አራተኛው ቆጠራ በተደጋጋሚ የተራዘመበት አገር ደግሞ ያለውን ቁጥር እንዲህ ቆልፎ ማስቀመጥ አያምርበትም።

እስከዚያው ዳታ የምትነካኩ ወዳጆቻችን፣ ማትሪክስ ስታወጡ ተራ ጽሑፍ አድርጋችሁ በሲ.ኤስ.ቪ. አውጡት፤ ስሞቹንም ኮዶቹንም አስከትሉ፣ አማርኛ ካለበት በዩ.ቲ.ኤፍ. 8 ይሁን። ኤክሴል ከመክፈታችሁ በፊት በኖትፓድ እዩት። ድምር ማመሳከር ጥሩ ነው፣ የተንሸራተተ ስም ግን ድምር አይነካም። ስለዚህ አስቀድማችሁ የምታውቁትን አንድ ቁጥር ያዙ፣ ለምሳሌ ከካምባ ወደ አርባ ምንጭ የሄደውን፣ ከዚያም በአዲሱ ፋይል ላይ በጣታችሁ ረድፉን ወደ ግራ፣ ዓምዱን ወደ ላይ እየተከተላችሁ የማን ስም እንደተጻፈበት አንብቡ።