ሌባ ሻይ ዛሬም አለ

ድሮ ነው። በመንደሩ ዕቃ ይጠፋል፤ ሌባው አይታወቅም። ያኔ ሌባ ሻይ ይጠራል (የሚጠጣው ሻይ እንዳይመስላችሁ፤ ሌባ ፈላጊ ለማለት ነው)። አንድ ብላቴና መድኃኒት ይጠጣል፣ ጭስ ይስባል፣ ራሱን ይስታል። ከዚያ ወገቡ ላይ በታሰረ መቀነት እየተያዘ መንደሩን በአራት እግሩ ያስሳል። ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት አለቀለት፤ ሌባው እሱ ነው። ይክፈል! "ኧረ እኔ አይደለሁም" ቢል ማን ይሰማዋል? መድኃኒቱ አይሳሳትማ።

ዛሬ ይህን ስናነብ እንስቃለን። የተማርን ልጆች ነና! ሳቃችንን ሳንጨርስ ግን ወደ ቴክሳስ እንሻገር፤ ሳይንስ ወዳለበት፣ ዳኛና ጠበቃ ወዳለበት፣ ስንቶቻችን ዲቪ ስንሞላለት ወደኖርነው አገር።

እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1991 ኮርሲካና በምትባል ከተማ አንድ ቤት ተቃጠለ። ሦስት ሕፃናት እህትማማቾች ሞቱ። አባታቸው ካሜሮን ቶድ ዊሊንግሃም ተርፎ ወጣ፤ መትረፉም ዕዳ ሆነበት። መርማሪዎች መጥተው ወለሉ ላይ ያለውን የቃጠሎ ቅርጽ አዩና "ነዳጅ ተደፍቶበታል" አሉ። የመስኮቱ መስታወት እንደ ሸረሪት ድር መሰነጣጠቁን አዩና "ይኸው ሌላ ማስረጃ" አሉ። አብሮት የታሰረ አንድ እስረኛም "ለእኔ ነግሮኛል" ብሎ መሰከረ። ሞት ተፈረደበት።

ችግሩ ምን መሰላችሁ? መስታወት እንደዚያ የሚሰነጣጠቀው በእሳት ግሎ ሳለ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ቀዝቃዛ ውኃ ሲረጩበት ነው። ወለሉም ቢሆን፣ ክፍሉ በሙቀት ሞልቶ በአንዴ ቦግ ካለ፣ ያለ አንዲት ጠብታ ነዳጅ እንደዚያው ሆኖ ይቃጠላል። ቅጣቱ ሊፈጸም ጥቂት ቀናት ሲቀሩት አንድ የእሳት ሳይንቲስት ማስረጃው እንደማያስኬድ ጽፎ ለቴክሳስ ባለሥልጣናት ላከ። ማንም አላስቆመውም። ፌብሩዋሪ 17 ቀን 2004 ሰውየው በመርፌ ተገደለ። በ2009 ደግሞ ያው ቴክሳስ ያቋቋመው ኮሚሽን የቀጠረው ባለሙያ፣ ቃጠሎው ሆን ተብሎ የተነሳ ነው ለማለት የሚያበቃ ሳይንሳዊ መሠረት የለም ብሎ ሪፖርት አቀረበ። ጎበዝ ባለሙያ! ባለጉዳዩ ግን ከሞተ አምስት ዓመቱ።

እና ከእኛው ብላቴና በምን ይለያል? የእኛው መቀነት ታስሮ ነበር፣ የእነሱዎቹ ከረባት አስረው ነበር። እንዲያውም የእኛው ሳይሻል አይቀርም። በሬህን አስከፍሎህ ሲያበቃ እውነተኛው ሌባ ቢገኝ፣ በሬው ባይመለስ እንኳ ሌላ በሬ ይተካል።

"ያ የድሮ ነው፣ አሁን ዲኤንኤ አለ" የምትሉ እንዳላችሁ እናውቃለን። በ1991ም እኮ "አሁን ሳይንስ አለ" ነበር የተባለው። ዲኤንኤ የሚገኘው ወንጀለኛው አሻራውን ጥሎ ከሄደ ነው፤ በጥይት ርቆ የገደለ ምን ጥሎ ይሄዳል? በእኛ ችሎቶች ደግሞ ትልቁ ማስረጃ ዛሬም የሰው ምስክር ነው፤ ጎረቤት፣ ባላንጣ፣ መሬት የተካሰሰ ዘመድ። በዚያ ሁሉ ሀብትና ላቦራቶሪ አሜሪካ ከ1973 እስከ 2024 ድረስ ሞት ከፈረደችባቸው ሰዎች ውስጥ 200ዎቹን ቆይታ ነጻ ብላለች። እነዚህ የተደረሰባቸው ናቸው። ከተገደለ በኋላ ማን ብሎ ፋይል ይከፍታል?

"ራሱ አምኗል እኮ!" የሚለውም አለ። ጋዜጠኝነት ስንማር "ወንጀለኛ አትበሉ፣ ተጠርጣሪ በሉ" ተብለን ነበር፤ አገሩ ግን ካቴና የገባ ሰው ቴሌቪዥን ላይ ቀርቦ "ተሳስቻለሁ" ካለ በቃ፣ ማስታወቂያ ሳይገባ ፍርዱን ጨርሷል። እንግዲህ ኢዋዎ ሃካማዳን እንያችሁ። ጃፓናዊ ነው፣ ቦክሰኛ የነበረ። በ1966 የሚሠራበት ፋብሪካ ኃላፊ ከነቤተሰቡ፣ አራት ሰው፣ ተገደሉ። ፖሊስ ሃካማዳን ይዞ ወደ ሃያ ቀን ገደማ፣ በቀን ብዙ ሰዓት እየመረመረ አሳመነው። ችሎት ፊት "አልገደልኩም፣ ተገድጄ ነው" አለ። በ1968 ሞት ተፈረደበት። ዋናው ማስረጃ ግድያው ካለፈ ከዓመት በላይ ቆይቶ ፋብሪካው የአኩሪ አተር ሊጥ በሚያብላላበት ጋን ውስጥ "የተገኘ" ደም የነካው ልብስ ነበር፤ ደሙም፣ ልብ በሉ፣ ቀይ እንደሆነ! ጠጅ የጣለ ሰው እንኳ ያን ያህል ጊዜ ጋን ውስጥ የተቀመጠ ነገር ምን ቀለም እንደሚይዝ ሳያውቅ አይቀርም።

ጃፓን ውስጥ ሞት የተፈረደበት ሰው የሚገደልበትን ቀን የሚያውቀው በዚያው ዕለት ጠዋት ነው። ከዚያ በፊት የሚነግረው የለም። እንግዲህ አስቡት፤ በየማለዳው የጠባቂ ጫማ ኮቴ ይሰማል፣ ይቀርባል፣ ያልፋል። ነገም እንደዚሁ። ሃካማዳ እንዲህ ሲኖር ቆይቶ አእምሮው ተነካ። ወደ 48 ዓመት ገደማ ታስሮ በ2014 ወጣ፤ ፍርድ ቤት "ንጹሕ ነህ፣ ማስረጃውንም መርማሪዎቹ ፈጥረውታል" ያለው በሴፕቴምበር 2024 ነው፤ ዕድሜው 88 ሆኖ። ያን ጊዜ ከፈረዱበት ሦስት ዳኞች አንዱ በ2007 ለሕዝብ ወጥቶ "ንጹሕ መሆኑን አምን ነበር" ብሏል። ሃካማዳ የተረፈው ሥርዓቱ ጥሩ ስለሆነ አይደለም። የገዳዮቹ እጅ ስለዘገየ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ እንምጣ። በ2016 ዓ.ም. ክረምት በአንዲት የሰባት ዓመት ሕፃን ላይ የተፈጸመው ግፍ ሲሰማ አገር በሙሉ "ይሰቀል!" አለ። አጥፊው 25 ዓመት ነው የተፈረደበት፤ "ይቺ ምን ትሠራለታለች?" አለ ሰው። እኛም ደማችን ፈልቷል፣ ከድንጋይ አልተሠራንም። ግን እስቲ በቀዘቀዘ ጊዜ እናስብ። ወንጀሉ በከፋ ቁጥር ሕዝቡ ይጮኻል፤ ሕዝቡ በጮኸ ቁጥር አለቃ ፖሊስን "አምጣ!" ይላል፤ "አምጣ" የተባለ ፖሊስ ደግሞ ባዶ እጁን አይመለስም። ሞትን አጥብቀን የምንጠይቅባቸው ወንጀሎች የተሳሳተ ሰው በቀላሉ የሚያዝባቸው ወንጀሎችም ናቸው ማለት ነው። ቻይና ውስጥ ኒዬ ሹቢን የሚባል ወጣት በ1994 አንዲት ሴት ደፍሮ ገድሏል ተብሎ ተያዘ። በሰባት ወር ውስጥ ተገደለ። በ2005 ሌላ ሰው "እኔ ነኝ" አለ። በ2016 የአገሪቱ ከፍተኛው ፍርድ ቤት "ኒዬ ጥፋተኛ ሊባል አይገባም ነበር" አለ። የሟቿ ቤተሰብ ምን አተረፈ? አንድ እናት አለቀሰች ተብሎ ሌላ እናት።

"የእኛ አገር ላይ እኮ አይፈጸምም" የሚል ማጽናኛም አለ። እውነት ነው፣ ከ1999 ዓ.ም. ወዲህ ተፈጸመ የተባለ የሞት ቅጣት የለም። ፍርዱ ግን ይፈረዳል። በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ መሠረት ርዕሰ ብሔሩ ካላጸደቀው አይፈጸምም፤ ስለዚህ የአንድ ሰው አንገት የአንድ ሰው ብዕር ላይ ተንጠልጥሏል። የዛሬው ባይፈርም የነገው ይፈርማል። የተኛ ሕግ የሞተ ሕግ አይደለም። መንግሥት ሲለወጥ በዚህ አገር ምን እንደሚነሳና ማን ማንን "ወንጀለኛ" እንደሚል ለእናንተ እንንገራችሁ እንዴ? ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ወደ ስድሳ ሰው በአንድ ሌሊት ሲረሸን ችሎት እንኳ አልተቀመጠም።

አባቶቻችን "በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለፍርድ የሄደች ጭብጦዬ" ይላሉ። ደስ የምትል አባባል ናት። የምታወራው ግን ስለ በቅሎ ነው።

ደግሞም ያን ሁሉ ደም ያፈሰሱት የደርግ ባለሥልጣናት ሞት ተፈርዶባቸው በ2003 ዓ.ም. ወደ ዕድሜ ልክ ተቀይሮላቸዋል፤ ብዙዎቹም በዚያው ሰሞን በአመክሮ ወጥተዋል። (አለቃቸው በሌለበት ሞት የተፈረደበት፣ የተጠለለባት ዚምባብዌም በ2024 መጨረሻ የሞት ቅጣትን ሰርዛለች። ዕድል ይሏል ይኸ ነው!) ሩዋንዳም ከዚያ እልቂት በኋላ በ2007 ሰርዛዋለች። ለእነዚያ ያልዋለ ገመድ ለማን ነው ተጠቅልሎ የሚቀመጠው? ጠበቃ መቅጠር ላቃተው የቀን ሠራተኛ?

ሳዑዲ ዓረቢያ በ2024 ብቻ 345 ሰው ገድላለች፤ ኢትዮጵያውያንም አሉበት። በየመን በእግሩ ተሻግሮ የሄደ፣ ዓረብኛ የማይሰማ ልጅ ዳኛ ፊት ሲቆም "ይማሩልን፣ ችሎቱ ሊሳሳት ይችላል" ብለን እንለምናለን። መለመናችን ልክ ነው። ግን "እናንተስ አገር?" ቢሉን ምን ብለን ልንመልስ ነው? የእኛ ችሎት አይሳሳትም ልንል?

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 15 ማንም ሰው በሕግ ለተደነገገ ከባድ ወንጀል በሚጣል ቅጣት ካልሆነ በቀር ሕይወቱን አያጣም ይላል። ይፈቅዳል እንጂ አያስገድድም። ስለዚህ የሞት ቅጣትን ለማስወጣት ሕገ መንግሥት ማሻሻል፣ ክልሎችን ማዞር፣ ሕዝበ ውሳኔ ምናምን አያስፈልግም። የወንጀል ሕጉን የሚያሻሽል አንድ ተራ አዋጅ ይበቃል፤ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው፣ እጅ ማውጣት። ምክር ቤታችን ደግሞ እጅ ማውጣት ቸግሮት አያውቅም።