አፉ ያልተፈታን ልጅ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ይብቃ



በቁይም ሆነ በዙሪያዋ ባሉ ቀበሌዎች ልጅ ሁለት ዓመት አልፎት ካልተናገረ እናቱ የምትሰማው ምክር የታወቀ ነው። «ወንድ ልጅ አፉን የሚፈታው ዘግይቶ ነው»፣ «አባቱም እንዲሁ ነበር»፣ «ጅን ነክቶት ይሆናል» ትባላለች። ተናጋሪው ክፋት የለውም። ነገር ግን በዚህ መካከል አንድ ዓመት፣ ሁለት ዓመት ያልፋል። ልጅ ቋንቋን በቀላሉ የሚይዘው ደግሞ በእነዚሁ የመጀመሪያ ዓመታት ነው። በእኔ እምነት ከችግሩ በላይ ብዙ ልጆችን የጎዳው መጠበቃችን ነው።

አንዳንዶቻችን ሕክምና መፈለግ ተወኩልን የሚያጓድል ይመስለናል። ነብዩላህ ሙሳ (ዐ.ሰ) ወደ ፊርዐውን ሲላኩ የምላሳቸውን ቋጠሮ እንዲፈታላቸው አላህን (ሱ.ወ) ለመኑ። በዚያው ልመና ወንድማቸው ሃሩን (ዐ.ሰ) ረዳት እንዲሆኗቸውም ጠየቁ። ይህ በሱረቱ ጧሃ ተነግሮናል። ስለዚህ ሩቅያ የሚያስደርግ ቤተሰብ ያስደርግ፤ ልጁን ግን ሐኪም ዘንድም ያድርሰው።

መቼ ነው መሄድ ያለብን? ልጁ በአንድ ዓመቱ ስሙ ሲጠራ ዞር የማይል ወይም የማይንተባተብ ከሆነ፣ በአንድ ዓመት ተኩል አንድም ቃል ካላወጣ፣ በሁለት ዓመቱ «ውሃ ስጪኝ» ብሎ ሁለት ቃል ካላገናኘ መታየት አለበት። ይናገረው የነበረ ቃል ከጠፋበት ደግሞ በማንኛውም ዕድሜ ቢሆን ቀን አይሰጠውም። በቅድሚያ ጆሮው ይመርመር፤ ያልሰማውን ቃል ሊናገረው አይችልምና። የጆሮ መግልና ማጅራት ገትር መስማትን ይጎዳሉ። ከጤና ጣቢያው ወደ ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ሪፈር መጠየቅ መብታችሁ ነው። እንጥል ማስቆረጥ ግን ደምና ቁስል እንጂ ንግግር አያመጣም።

የንግግር ሕክምና ባለሙያ በአገራችን እጅግ ጥቂት ነው። መንገዱም ሁልጊዜ አይመችም። ቢሆንም የሕክምናው ትልቁ ክፍል በቤት የሚሠራ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ወላጆችን ለዚሁ የሚያሠለጥን መርሐ ግብር አዘጋጅቶ በኢትዮጵያም ተሞክሯል። እናት ሊጥ ስታቦካ፣ አባት ከሶላት ሲመለስ ከልጁ ፊት ለፊት ዝቅ ብለው በአጭር ቃል ያናግሩት። «ዳቦ ወይስ ወተት?» ብለው ይጠይቁትና ሳይቸኩሉ ይጠብቁት። «ዋ» ካለ «አዎ፣ ውሃ!» ብለው ደስ እያላቸው ይስጡት። በየቀኑ ጥቂት ደቂቃ ቢሆንም አይቋረጥ።

ነፍሰ ጡር እናቶችም ልብ ይበሉ፤ በእርግዝና ጊዜ የአዮዲን እጥረት የሕፃኑን አእምሮና መስማት ይጎዳል። እንቅርት በሚታይበት ደጋችን አዮዲን ያለው ጨው መግዛት፣ ከድኖ ማስቀመጥና ወጥ ሊወጣ ሲል መጨመር ይገባል።

የመጨረሻው ነገር ሀፍረት ነው። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ለኦቲስቲክ ልጃቸው የሚሆን ትምህርት ቤት ቢያጡ እ.ኤ.አ. በ2002 አዲስ አበባ ላይ ጆይ ኦቲዝም ማዕከልን መሠረቱ። እ.ኤ.አ. በ2021 በሞት ቢለዩም፣ ስለ ልጃቸው በአደባባይ መናገራቸው ስንቱን እናት ልጇን ከጓዳ እንድታወጣ አደፋፍሯል። እኛስ? መስጊድ ውስጥ የሚጮህን ልጅ በግልምጫ የምናባርር ከሆነ እናቱን አብረን አባረናል። የመድረሳ ዑስታዞች ፊደል ያልያዘውን ልጅ ከመግረፍ በፊት ይሰማ እንደሆነ ያጣሩ። ኢማሞቻችን በጁምዓ ኹጥባ አንዴ ያንሱት። ለሪፈር የመኪና ገንዘብ ያጣችውን እናት ጀመዓው ይርዳት።

ልጅ አማና ነው። አላህ (ሱ.ወ) የልጆቻችንን አንደበት ይፍታልን፤ እኛንም ሰበቡን ለማድረስ ያበርታን።

ወላሁ አዕለም።